ላይቭ ቤቲንግ፦ ፊሽካ ሳይነፋ የሚያልቅ ሥራ

ቅዳሜ ማታ ሐዋሳ ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። በእኛ ቲቪ ኳሱ ገና መሃል ሜዳ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት ድንገት ጩኸት ይሰማል። እኛ ቤት ሁሉም ይተያያል። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ኳሱ በእኛም ስክሪን መረብ ላይ ያርፋል።

አንድ ቀን እንዲህ ሲሆን አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ስልኩን ይዞ ላይቭ፣ ማለትም ጨዋታው እየተካሄደ ሳለ፣ ውርርድ ሊቆርጥ ጣቱን አዘጋጅቶ ነበር። የሚጠብቀው ያንኑ ጎል ነው። ቲኬቱ ሳይያዝለት ገበያው ተዘጋ። "ሁሌ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ" አለ። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ማዶ ያለው ቤት ከእኛ ቀድሞ ካወቀ፣ ኦድ፣ ማለትም የውርርዱን ዋጋ፣ የሚያወጣው ድርጅት ደግሞ ከሁላችንም ቀድሞ ያውቃል። በላይቭ የሚበላን የኳስ ዕውቀት ማነስ አይደለም። ሰዓት ነው።

ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድሜ ስለጠየቀኝ ነው። "አንተ ተጫውተህ ታውቃለህ፤ በብልሃት እንዴት ነው የሚጫወቱት?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሁለት ዓመት ያህል ተጫውቻለሁ። ከተውኩም ቆይቷል። "ተው" ብቻ ብዬው ዝም ብል ሌላ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ለአንተም የምለው ያንኑ ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ላይቭ ቤቲንግ የገቢ ምንጭ አይደለም፤ ወጪ ነው። እንደ ዲኤስቲቪ መግቢያ፣ እንደ ማኪያቶ። ጀምረህ የማታውቅ ከሆነ አትጀምር፤ ምንም አይቀርብህም። ዕድሜህ ከ21 በታች ከሆነ ደግሞ ሕጉም አይፈቅድልህም። የቤት ኪራይ፣ የዕቁብ ወይም የብድር ብር የነካ ሰው መሃሉን ይዝለልና የመጨረሻውን ክፍል ያንብብ።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይባላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ቁጭ ብሎ ለመታጠቅ ናቸው።

አንደኛ፦ ብሩን ለይ

ሐሙስ ወይም ዓርብ፣ ምንም ጨዋታ በሌለበት ሰዓት፣ ለሳምንቱ የምታወጣውን ብር ወስን። መለኪያው ቀላል ነው። ይህ ብር ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ቢወድቅብኝ ሰኞ ምን ይጎድለኛል? ብለህ ጠይቅ። የሚጎድል ነገር ካለ ብሩ በዝቷል። 200 ብር ካልክ 200 ነው። እሱን አምስት ቦታ ክፈለው፤ በአንድ ቲኬት ከ40 ብር በላይ አታስይዝ።

ደመወዝ የሚገባበት ሒሳብና ውርርድ የሚከፈልበት ሒሳብ አንድ አይሁን። ቴሌብር የምትጠቀም ከሆነ ለሳምንቱ የወሰንከውን ብቻ አስገባ። ቴሌብር ላይ ያለው ብድር፣ እንደኪሴም ሆነ መላ፣ ለውርርድ አይነካም። በዚህ ላይ ድርድር የለም። ነገ የምትከፍለውን ብር ዛሬ ጎል ላይ ማስያዝ ሁለት ጊዜ መበላት ነው።

ካሸነፍክ ብሩን ያን ቀን አውጣው። ቤቲንጉ ሒሳብ ውስጥ የተኛ ብር ብር አይመስልም፤ ቁጥር ይመስላል። ወደ ኪስህ ሲመለስ ግን ዘይትና ጤፍ መግዣ መሆኑ ትዝ ይልሃል።

ሁለተኛ፦ ኦድ ማንበብ ልመድ

ኦድ ዋጋ ነው፤ ካሸነፍክ ያስያዝከው ብር በእሱ ተባዝቶ ይመለስልሃል። ዋጋ ሳያነብ ዕቃ የሚገዛ ሰው የለም። ኦድ ሳያነቡ ቲኬት መቁረጥ ግን ተለምዷል።

ስሌቱ አንድ ነው፤ 100ን ለኦዱ አካፍል። የሚወጣው ቁጥር ያ ውጤት እንዲመጣ ዋጋው የሚጠይቀው ዕድል ነው። ምሳሌ ልስጥህ። ባለሜዳው 2.10፣ አቻ 3.20፣ እንግዳው 3.40 ነው እንበል። 100 ለ2.10 ሲካፈል 47.6 ነው። ለ3.20 ሲካፈል 31.3፣ ለ3.40 ሲካፈል 29.4። ደምረው። 108.3 ይመጣል።

ከ100 በላይ ያለው ስምንቱ ከየት መጣ? የቤቱ፣ ማለትም የአወራራጁ ድርጅት፣ ድርሻ ነው። እንዲህ አስበው። ማንም ያሸንፍ ማን 100 ብር እንዲመለስልህ ብለህ በሦስቱም ውጤት ላይ የሚበቃውን ያህል ብታስይዝ፣ ከኪስህ 108 ብር ይወጣል። የሚመለስልህ 100 ነው። ጨዋታው ሳይጀመር ስምንቱን ከፍለሃል ማለት ነው።

አሁን ይህን ልምምድ ያለ ብር ሥራው። ከጨዋታው በፊት የሦስቱን ኦድ ደምር። 30ኛው ደቂቃ ላይ እንደገና ደምር። ብዙ ጊዜ የላይቩ ድምር ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። ጨዋታው እየሄደ ስለሆነ ቤቱ ለራሱ መጠባበቂያ ይጨምራል። መጠባበቂያውን የምትከፍለው አንተ ነህ። ይህን ልምምድ አራት አምስት ቅዳሜ የሠራ ሰው ላይቭን በሌላ ዓይን ያየዋል። እኔ ከሁለት ዓመት ጨዋታ ያላገኘሁትን ትምህርት ከዚህ መደመር አገኘሁ።

ብዙ ጨዋታ በአንድ ቲኬት መደርደር ደግሞ ይህን ድርሻ ያባዛዋል። ቤቱ ከእያንዳንዱ ጨዋታ 7 በመቶ ቢወስድ፣ አምስት ጨዋታ ስትደረድር ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 70 ብር ገደማ ነው። አሥር ስትደረድር 48 ብር። "በ20 ብር 8,000 በላ" የሚባለው ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል። ያልተወራላቸው ቲኬቶች ግን ቤቲንግ ቤቱ ወለል ላይ ተበትነው የምታያቸው ናቸው። ላይቭ ላይ ሲንግል፣ ማለትም አንድ ጨዋታ ብቻ ያለበት ቲኬት፣ ቁረጥ።

ግብርም አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር። አንተ ማየት ያለብህ ቲኬትህ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ድምር አይደለም። ተቀናንሶ እጅህ የሚገባውን ነው።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱን ጻፍ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ወረቀት ስል ወረቀት ማለቴ ነው። ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር በአንድ ጣት ይሰረዛል።

ከጨዋታው በፊት የምትጽፈው ይህን ነው፦ የትኛው ጨዋታ፣ ምን ካየሁ ነው የምቆርጠው፣ የምቀበለው ዝቅተኛ ኦድ ስንት ነው፣ ቢበዛ እስከ ስንተኛው ደቂቃ፣ ስንት ብር። ወንድሜ መጀመሪያ የጻፈው እንዲህ ይል ነበር፦ "ባለሜዳው በመጀመሪያው አጋማሽ ኢላማውን የጠበቀ ሙከራ ቢያንስ ሦስት ካደረገና ዕረፍት ላይ 0 ለ 0 ከሆነ፣ ባለሜዳው እንዲያሸንፍ። ኦድ 2.00 እና ከዚያ በላይ። ዕረፍት ላይ ብቻ። 40 ብር።"

ዕረፍት ሆነ። ሙከራው አራት ነበር፤ 0 ለ 0 ነው። ኦዱን አየ፤ 1.75። "ትንሽ ነው እኮ የቀረው" አለኝ። ወረቀቱን አሳየሁት። ስልኩን ኪሱ ከተተና ሁለተኛውን አጋማሽ አብረን አየን። ማን እንዳሸነፈ አልነግርህም፤ ለዚህ ነገር አያስፈልግም። 1.75 ዋጋው ላይ ያልደረሰ ዕቃ ነበር፣ በቃ።

ዝቅተኛውን ኦድ እንዴት ታወጣለህ? ያ ነገር የመሆን ዕድሉ ስንት ነው ብለህ በራስህ ገምት። 50 በመቶ ካልክ 2.00 ነው። 40 ካልክ 2.50። 25 ካልክ 4.00። ግምትህን የምትጽፈው ኦዱን ከማየትህ በፊት ይሁን። ኦዱን ካየህ በኋላ ግምትህ ራሱ ወደ ኦዱ ይጎተታል። ደግሞም ሐቀኛ ሁን፤ ግምትህ ከቤቱ ግምት ሁሌ በጣም የሚለይ ከሆነ የተሳሳትከው አንተ የመሆንህ ነገር ይበዛል።

የጨዋታ ምርጫው ላይ ብዙ አልልም። ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምረህ በዓይንህ የምታየው አንድ ጨዋታ ምረጥ። አንድ ብቻ። የምትደግፈውን ክለብ ተወው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዋንጫ ያነሳበትን ዘመን በስሜት የምታወራ ሰው፣ ስለ ሐዋሳ ከተማ ግምትህ ንጹሕ ሊሆን አይችልም። የሲዳማ ቡናም ደጋፊ እንደዚያው። ለክለብህ ጩህለት፣ ማሊያ ግዛለት፤ ብር አታስይዝበት።

የሌሊቱን ጨዋታም ተጠንቀቅ። አብዛኛው የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይጀምራል። ሲያልቅ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ሆኗል። ደክመሃል፣ ምናልባትም ተበልተሃል። ስልክህ ግን ገና ብዙ ላይቭ ጨዋታ ያሳይሃል፤ ስሙን ሰምተህ ከማታውቀው አገር፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን። ያኔ የምትቆርጠው ቲኬት ከኳስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቨርቹዋል የሚባለውም ላይቭ አይደለም። ኮምፒውተር ቁጥር አውጥቶ በሥዕል የሚያሳይህ ነገር ነው። ተጫዋች የለም፣ ድካም የለም፣ ጉዳት የለም፤ ስለዚህ የምታውቀው ምንም ነገር አያግዝህም።

አራተኛ፦ የሰዓቱን ልዩነት ራስህ ለካ

ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች አያምኑኝም። ስለዚህ እንድትለካው ነው የምጠይቅህ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስታዲየሙ ውስጥ መሣሪያ ይዞ የተቀመጠ መረጃ መዝጋቢ አለ። ጎል፣ ኮርነር፣ ቀይ ካርድ ሲኖር ወዲያው ይመዘግባል። መረጃው ኦዱን ለሚያወጣው ኮምፒውተር ይደርሳል። አንተ የምታየው ምስል ግን ወደ ሳተላይት ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ተቀናብሮ ነው የሚመጣው። ሰከንዶች ዘግይቷል። በስልክ ኢንተርኔት የምታይ ከሆነ ከዚያም ይብሳል፤ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊዘገይ ይችላል።

መለኪያው ይኸውልህ። ብር ሳታስይዝ የላይቩን ገጽ ክፈትና ቲቪውን እያየህ ጠብቅ። ኦዶቹ በድንገት ሲቆለፉ መቁጠር ጀምር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አደገኛው ነገር በቲቪ እስኪታይ ቁጠር። ጎል ይሁን፣ ፍጹም ቅጣት ምት ይሁን፣ ቪኤአር ይሁን፣ ቁልፉ ከምስሉ ይቀድማል። በአንድ ጨዋታ ሦስት አራት ጊዜ ካየኸው ይበቃሃል።

በዚህ ላይ ሌላ መዘግየት አለ። ቲኬቱን ስትልክ ወዲያው አይያዝም። ጥቂት ሰከንዶች "በመጠባበቅ ላይ" ይላል። ይህ የኔትወርክ ችግር አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ አንድ ነገር ከተፈጠረ ቲኬቱ ይመለሳል ወይም ኦዱ ይለወጣል። ጨዋታው ወዳሰብከው አቅጣጫ ሲሄድ ኦዱ አንተ ሳትደርስበት ይወርዳል። ስለዚህ የሚቀርልህ ሌሎች የማይፈልጉት ዋጋ ነው።

ከዚህ ሁለት የሥራ ምክር ይወጣል። የመጀመሪያው፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቁ ውርርዶችን አትንካ። ቀጣይ ጎል፣ ቀጣይ ኮርነር፣ በሚቀጥሉት 5 ደቂቃዎች ምን ይሆናል የሚሉትን ሁሉ። እነሱ የሰከንድ ውድድር ናቸው፤ አንተ ደግሞ ከኋላ ነው የምትነሣው።

ሁለተኛው፣ ዕረፍት ላይ ቁረጥ። 15 ደቂቃ አለህ። ኳስ አይንቀሳቀስም። አንተም፣ መንገድ ማዶ ያለው ቤትም፣ ኦድ አውጪውም የምታውቁት ነገር አንድ ነው። ማኪያቶህን እየጠጣህ ወረቀትህን ታነባለህ፣ ታካፍላለህ፣ ታስባለህ። በላይቭ ውስጥ ሰዓቱ የአንተ የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ብትሄድ ይህን ያዝ።

ስልክህ ላይ "ማንኛውንም የኦድ ለውጥ ተቀበል" የሚል ምርጫ ካለ ዝጋው። ኔትወርክ ወይም መብራት መሃል ላይ ከጠፋብህ ደግሞ እንደገና አትጫን። መጀመሪያ ቲኬቶችህ የተዘረዘሩበትን ገጽ ከፍተህ ተይዞ እንደሆነ እይ። እኔ አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ ደንግጬ ሁለት ጊዜ ተጭኜ፣ 50 ብር ያልኩት 100 ሆኖብኝ ያውቃል። ሁለቱም ተበሉ።

አምስተኛ፦ "ቀላል" ከሚመስሉት ተጠንቀቅ

70ኛው ደቂቃ ላይ 0 ለ 0 ነው። "ጎል ሳይገባማ አያልቅም" የሚል ሰው በየቤቱ አለ። እስቲ እናስላው። በትልልቆቹ የአውሮፓ ሊጎች አንድ ጨዋታ በአማካይ 2.7 ያህል ጎል አለው። በ90 ደቂቃ 2.7 ከሆነ በ20 ደቂቃ 0.6 ነው። የባከነ ሰዓት ሲጨመር 0.7 እንበል። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ ቢያንስ አንድ ጎል የመግባት ዕድሉ 50 በመቶ ገደማ ነው። ዘውድና ጎፈር ነው። ቤቱ 1.75 ቢሰጥህ ዋጋው የሚጠይቀው ከ57 በመቶ በላይ ነው። ጎሉ "ይገባዋል" ብሎ የሚያስገድድ ነገር የለም። እስከ አሁን አለመግባቱ ዕዳ አይሆንበትም። እንዲያውም 70 ደቂቃ ጎል ያልታየበት ጨዋታ ዝግ ጨዋታ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የትንሽ ኦድ ወጥመድ ነው። "1.05 ነው፣ አለቀ እኮ፣ የነጻ ብር ነው" ይባላል። 1,000 ብር አስይዘህ የምታገኘው 50 ብር ነው። አንዴ ከተበላህ ያን ለመመለስ ተከታታይ 20 ማሸነፍ አለብህ።

ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተደረገበትን ምሽት አስታውስ። አርጀንቲና ፈረንሳይን እስከ 80ኛው ደቂቃ 2 ለ 0 ትመራ ነበር። ፈረንሳይ ኢላማውን የጠበቀ ሙከራ እንኳ አልነበራትም። ያን ሰዓት አርጀንቲና ታሸንፋለች ብሎ የቆረጠ ሰው ያገኘው ኦድ ከ1 ብዙም አይርቅም። ከዚያ ምባፔ በ80ኛውና በ81ኛው ደቂቃ አገባ። 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው 30 ደቂቃ 3 ለ 3 ሆነ፤ አርጀንቲና በመለያ ምት 4 ለ 2 ዋንጫውን ወሰደች። ልብ በል፤ ዋንጫ ወስዳም "አርጀንቲና ታሸንፋለች" ያለው ቲኬት ተበልቷል። መደበኛው የማሸነፍ ውርርድ የሚቆጠረው በ90 ደቂቃና በባከነ ሰዓት ነው፤ ተጨማሪው 30 ደቂቃና መለያ ምቱ አይገቡበትም። በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ላይ የምትቆርጥ ከሆነ ቲኬቱ "በ90 ደቂቃ" ወይስ "የሚያልፈው ቡድን" እንደሚል አንብብ።

ስክሪን ላይ የምታየው ሥዕልም አያታልልህ። "አደገኛ ጥቃት" እያለ የሚንቀለቀለው ነገር ኳሱ ወደ ግብ መቅረቡን ብቻ ነው የሚነግርህ። ሙከራ መደረጉን አይነግርህም። 60 አደገኛ ጥቃት አድርጎ አንድ ጊዜ እንኳ ኢላማውን ያልጠበቀ ቡድን ብዙ አይተናል። የምታየው ነገር ኢላማውን የጠበቀ ሙከራና ሙከራው ከየት እንደተደረገ ይሁን። ቀይ ካርድም ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ በ20ኛው ደቂቃ ከሆነ። ግን አንተ ካርዱን ስታይ ኦዱ ቀድሞ ተስተካክሏል።

ስድስተኛ፦ ካሽ አውት ሲመጣ

100 ብር በ4.00 ቆርጠሃል። ቢመጣልህ 400 ነው። ቡድንህ 75ኛው ደቂቃ ላይ 1 ለ 0 ይመራል። ስልኩ "285 ብር ወስደህ ውጣ" ይልሃል፤ ካሽ አውት ማለት ይህ ነው፣ ጨዋታው ሳያልቅ ቲኬቱን መልሶ መሸጥ። ልብህ ይመታል።

አሁንም አካፍል። የቡድንህን የአሁን የማሸነፍ ኦድ እይ። 1.25 ነው እንበል። 400ን ለ1.25 ስታካፍል 320 ይመጣል። የቲኬትህ የአሁን ዋጋ በግርድፉ እሱ ነው። 285 ከሰጡህ በመሃል ያለው 35 ብር የቤቱ ሁለተኛ ድርሻ ነው። አንዴ ስትቆርጥ ከፍለሃል፤ ስትወጣ ደግመህ እየከፈልክ ነው።

ስለዚህ ካሽ አውት አትንካ ማለቴ ነው? አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነና ከመጀመሪያው ወረቀትህ ላይ "2 እጥፍ ከደረሰ እወጣለሁ" ብለህ ጽፈህ ከሆነ ውጣ። በፍርሃት ከሆነ ግን ችግሩ ያለው ያስያዝከው ብር ላይ ነው። ቢጠፋ የማያስፈራህን ያህል ብቻ አስይዝ።

ሰባተኛ፦ ከተበላህ በኋላ ያሉት አሥር ደቂቃዎች

ላይቭን ከሌላው ውርርድ የሚለየው ይህ ነው። ዓርብ የቆረጥከው ቲኬት ቅዳሜ ቢበላ እስከሚቀጥለው ሳምንት ትቀዘቅዛለህ። ላይቭ ላይ ግን ተበልተህ ሳታበቃ ሌላ ኦድ ዓይንህ ሥር ይበራል። "አሁኑኑ እመልሰዋለሁ" የሚለው ስሜት ጆሮህን ያግለዋል። እኔ ብዙውን ብሬን ያጣሁት በመጀመሪያው ቲኬት አይደለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው።

አንዳንዱ "እጥፍ እያደረግክ ሂድ፣ አንዴ ሲመጣልህ ሁሉንም ይመልሳል" ይላል። ቁጥሩን እየው። 50፣ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1,600። ስድስት ጊዜ በተከታታይ ስትበላ 3,150 ብር ወጥቷል፤ ሰባተኛው 3,200 ይጠይቅሃል። ይህን ሁሉ የምታደርገው ደግሞ 50 ብር ለማትረፍ ነው። ለግማሽ በግማሽ ዕድል ስድስት ተከታታይ መበላት ከ64 አንድ ነው። አልፎ አልፎ ለሚጫወት ሰው ሩቅ ይመስላል። በየቀኑ ለሚጫወት ሰው በጣም ቅርብ ነው።

የምትሠራው ይህን ነው። ቲኬቱ እንደተበላ ስልኩን ለጓደኛህ ስጥና ተነሥተህ ውጣ። አሥር ደቂቃ ተራመድ። ሐዋሳ ላይ ለዚህ ቦታ አይቸግርም፤ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ራሱ ይበቃል። ስትመለስ የወረቀቱ ብር አልቆ ከሆነ ጨዋታውን ዝም ብለህ እይ። የሳምንቱ ብር ካለቀ አልቋል፤ ከሚቀጥለው ሳምንት አትበደርም።

ስምንተኛ፦ ደብተር

እሑድ ማታ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ቀን፣ ጨዋታ፣ ደቂቃ፣ ኦድ፣ ያስያዝከው፣ የተመለሰው። ጎን ላይ "ወረቀት ላይ ነበር" ወይም "አልነበረም" ብለህ ጻፍ። በየወሩ መጨረሻ ሁለቱን ለየብቻ ደምር። አእምሯችን ያሸነፍነውን ያስቀምጣል፣ የተበላነውን ይረሳል። ደብተር አይረሳም። እኔ ሦስት ወር ጽፌ ስደምር ነው ያቆምኩት። ማንም አልመከረኝም።

ማቆም ሲያቅት

ለቤተሰብ መደበቅ ከጀመርክ። የሰው ብር ከነካህ። ዕቃ ከሸጥክ። ክፍል ወይም ሥራ ትተህ ስልክ ላይ ከዋልክ። ላለመጫወት ወስነህ በዚያው ቀን ከተጫወትክ። እነዚህ ካሉ ከላይ ያለው ዘዴ ሁሉ ለአንተ አይሆንም። ወረቀትም፣ ዕረፍት ሰዓትም፣ ስሌትም አያድንህም። ለአንተ የሚሆነው ጨርሶ መውጣት ነው።

ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር። ለእናትህ፣ ለእህትህ፣ ለንስሐ አባትህ፣ ለሼኽህ፣ ለፓስተርህ፣ ለምታምነው ጓደኛ። ያለብህን ዕዳ በሙሉ ንገረው፤ ግማሹን ከደበቅክ ግማሹ ይመልስሃል። ደመወዝህ ለጥቂት ወራት በዚያ ሰው እጅ ይሁን። ቤቲንግ ድርጅቱ ሒሳብህን በቋሚነት እንዲዘጋልህ በጽሑፍ ጠይቅ፤ መተግበሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ኦድ የሚለጠፍባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች ውጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዲኤስቲቪ ቤት ሌላ የምትውልበት ቦታ አዘጋጅ።

ቤተሰብ ከሆንክ ዕዳውን ለእሱ እጅ ብር ሰጥተህ አትክፈልለት። ለአበዳሪው ራስህ ክፈል። ስድቡንም ተወው፤ እሱ ራሱን ከአንተ በላይ ሰድቧል።

ይህ በሽታ ነው ስንል ለማባበል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የቁማር ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ሕክምናም አለው። እዚህ ሐዋሳ ሪፈራል የምንለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እንቅልፍ ካጣህ፣ ራስህን ስለመጉዳት ካሰብክ ደግሞ ቀን አትጠብቅ፤ አሁኑኑ ሂድ። ጓደኛህ እዚህ ደረጃ ላይ ከሆነም ሰኞን አትጠብቅ፤ አሁኑኑ አብረኸው ሂድ፤ ካርድ እስኪወጣ አብረኸው ተሰለፍ። ብቻውን ከላክኸው ከበር ሊመለስ ይችላል።